የአያት ስም

ደሞዝ የገባ ቀን፣ ሰርቪሱ ውስጥ ሆኜ፣
ስልኬ ከኪሴ ጮኸ፤ አወጣሁት ተማምኜ።
ከዓይኔ አራቅኩት፤ መልሼ አቀረብኩት፤
«ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ብር የት ገባ?» አልኩት።
ስልክ አይመልስም።

ከመልካ ጀብዱ ወዲህ አስፋልቱ ሲያተኩስ፣
በጣቴ ስደምር፣ በጣቴ ስቀንስ፣
የቤት ኪራይ፣ ጋዝ፣ የልጄ ደብተር፣
የባለሱቁ የዋበሪ ዱቤ፣
ሁሉም እቤት ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ነበር።

ሰኞ ሂሳብ ክፍል ገባሁ። አቶ ሽመክት አለ፤
ቬንትሌተሩ እየዞረ ወረቀት ሲያበር፣
በስቴፕለር፣ በቁልፍ፣ በክርኑ ሲይዝ ነበር።
«ብድር ነው» አለኝ ቀና ሳይል፣
«የቁጠባ ማኅበር። በየወሩ ይቆረጣል።»
«እኔ አልተበደርኩም።»
«ስምሽ?»
«ፈቲያ አብዶሽ።»
«በቃ፣ ፈቲያ አብዶሽ ተበድራለች» አለ፤
እንደ ችካል ስሜ ላይ ጣቱን ተከለ።

እዚያው ቆሜ፣ አቦ፣ ራሴን ጠረጠርኩ፤
መቼ ፈርሜ ይሆን? ተኝቼ ነው? አልኩ።
ድሃ ወረቀት ፊት ሲቆም
ያልሠራው ጥፋት ትዝ ይለዋል።

ፎርሙን አምጣ አልኩት። ሲያመጣው ፊርማው ሌላ ነው፤
የእኔ የዶሮ ጭረት፣ ይሄ ግን ጥልፍ ነው።
ከሥሩ ተጽፏል፦
ፈቲያ አብዶሽ ሮብሌ። የማታ ፈረቃ።
መስፊያ ቁጥር አሥራ አራት።
አሥራ አራት የእኔ ናት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሬ ላይ ጠዋት ጠዋት
የማገኛት ትራስ፣ ከጆንያ ቁራጭ የተሰፋች፣
የፋብሪካው መስላኝ... ለካስ የእሷ ናት።
እሷ ስትመጣ፣ እኔ ስመለስ፣
ሰርቪሳችን ደቻቱ ድልድይ ላይ ሲተላለፍ፣
እሷ በእንቅልፍ፣ እኔም በእንቅልፍ።

አዲስ ኮምፒውተር ገብቷል አሉ። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ሁለት ስም ይይዛል፤
ሦስተኛው ሲመጣ አያት ይቆረጣል።

አያቴ ዩያ፣ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ፣
ርስት አልተወልንም፤ ቤትም፣ ግመልም።
ስሙን ተወልን። እሱንም
መታወቂያ ሳሳድስ ካልሆነ አላነሳውም።
ዋጋውን ዘንድሮ ነገሩኝ፦
ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ብር።

ዓርብ ማታ ሰርቪሱ ጥሎኝ ሄደ፤ በሩ ላይ ጠበቅኳት።
በዕድሜ ትበልጠኛለች። ምሳ ዕቃ ይዛለች፤
ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ ሸጉጣለች።
«ፈቲያ?»
«አቤት።»
«እኔም ፈቲያ።»
ሳቀች። ብሩን ስነግራት ሳቋ ከፊቷ ወረደ፤
ምሳ ዕቃው ካንዱ እጇ ወደ ሌላው ሄደ።
«ሳይቆረጥ ሲገባ፣ ዋላሂ፣ ብድሩ ያለቀ መሰለኝ፤
ማን ይጠይቃል? አላህ አቀለለልኝ
ብዬ ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ስድስት፤ ጎርፍ የነካው ጓዳ አለኝ።»

ልጮህባት ነበር የመጣሁት።
ሰው ግን በሰው ትራስ ሁለት ዓመት ተቀምጦ
በምን አፉ ይጮኻል?
«ብሬን እፈልገዋለሁ» አልኳት ብቻ፣ ቀስ ብዬ፤
ዋበሪ ቆርቆሮ አያውቅም።

ቅዳሜ አብረን ገባን። አቶ ሽመክት ቀና አለ፤
አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ።
«ሁለት ናችሁ እንዴ?»
«ሁለት ነን።»
«እሺ። ለሚቀጥለው ወር ይስተካከላል።»
ይቅርታ የሚባል ዓምድ ፔሮሉ ላይ የለም።

ወሩ አለቀ። ብሬ ገባ፤ ከእሷ በሦስት ጊዜ ይነሳል።
የደሞዝ ወረቀቴን ገለጥኩት፤ ሳጥኑ ሰፍቷል፣
አንድ ፊደል ታህል፦
«ፈቲያ አብዶሽ ዩ»
የእሷም «ፈቲያ አብዶሽ ሮ»።
አያቴ በግማሹ ገብቷል፤
«ያ» ግን፣ ልክ እንደ ድሮው ባቡር ጣቢያ፣
ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው
ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሟል።